የሠርጉ ባለቤት ማን ነው? በእንጅባራና በአካባቢዋ የጋብቻ ፈቃድና የሠርግ አሰናዳድ ታሪክ

፩. የጥናቱ ዓላማ

በእንጅባራ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች ለመጋባት ከሚያስቡት ወጣቶች፤ በተለይም ከተማሩት መካከል፤ ሠርጋቸውን እንደ ራሳቸው አሳብ ለማሰናዳት የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው። ቀኑን፤ የሚጠራውን ሰው ብዛት፤ የሚለበሰውን ልብስ፤ የሚወጣውንም ገንዘብ ራሳቸው ይወስኑ ዘንድ ይሻሉ። ወላጆች ደግሞ ሠርግ የቤተ ዘመድ እንጂ የሁለት ሰው ብቻ አይደለም ይላሉ። ይህ ክርክር በብዙ ቤት የሚሰማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚተረጐመውም የአሮጌና የአዲስ፤ ወይም ደግሞ የአገር ልማድና የውጭ አገር ልማድ ክርክር እንደ ሆነ ተደርጎ ነው። እኛ ግን ነገሩን በታሪክ ወገን ስንመረምረው እንዲህ ያለው አከፋፈል ትክክል ሆኖ አላገኘነውም።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው የሚከተለውን ነው። ተጋቢዎች ራሳቸው ያሰቡትና ራሳቸው ያሰናዱት ጋብቻ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ ነገር ግን የነበረው በመጀመሪያው ሠርግ ላይ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በሚመጣው ጋብቻ ላይ ነው። ድግሱ ትልቅ በሆነበት ስፍራ የተጋቢዎቹ ፈቃድ ትንሽ ነበረ፤ ፈቃዳቸው ሙሉ በሆነበት ስፍራ ደግሞ ድግሱ ትንሽ ነበረ። የዛሬው ወጣት የሚፈልገው እንግዲህ በመጀመሪያው ሠርጉ ላይ ሙሉ ፈቃድን ነው። ይህ ፍላጎት እንዴት ሊመጣ እንደ ቻለና ምን ዐይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ሦስት ጥያቄዎችን መከታተል ይበቃል፤ ይኸውም ቃሉን የሚሰጥ ማን ነበረ? ሀብቱን የሚሰጥ ማን ነበረ? ምስክሩንስ የሚጠራ ማን ነበረ? የሚሉት ናቸው።

፪. አገሩና ሕዝቡ

እንጅባራ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ስትሆን የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ቀድሞ አገሩ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ አገው ምድር አውራጃ እየተባለ ይተዳደር ነበር፤ የአውራጃውም ዋና ከተማ ዳንግላ ነበረች። የሕዝቡ ቋንቋ አውኚ ወይም አገውኛ ነው፤ ከዚህም ጋር አማርኛ በሰፊው ይነገራል። በቃል ሲወርድ በመጣው ታሪክ መሠረት ሕዝቡ ከሰባት ወንድማማቾች የተገኘ ስለ ሆነ ሰባት ቤት አገው ይባላል። እነዚህም አንከሻ፤ አዘና፤ ባንጃ፤ ጫራ፤ ኳኩራ፤ መተከልና ዚገም ናቸው። እንጅባራ ያለችው በባንጃ ምድር ነው።

አዊ የራሱ ቋንቋና የራሱ የዘር አቈጣጠር ያለው ሕዝብ ቢሆንም፤ ከጎጃም ጎረቤቶቹ ጋር በሃይማኖት፤ በርስት ሥርዐትና በጋብቻ ልማድ የሚካፈለው ብዙ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች በጎጃም አገር በጠቅላላው የታወቀውን ሥርዐት እናቀርባለን፤ ለአዊ የተለየ ነገር ሲያጋጥመንም ለይተን እናመለክታለን።

በዚህ አገር ስላለፉ የውጭ አገር ሰዎች ሲነገር ስሙ የሚነሣው የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የዐባይን ምንጭ ለማየት ወደ ግሽ በሄደ ጊዜ የአገው ምድርን ሀብት አይቶ፤ ሕዝቡ የጎንደርን ከተማ በማር፤ በቅቤና በከብት እንደሚመግብ ጽፎአል። ስለ ሴቶች ልጆችም ሲጽፍ ብዙውን ጊዜ በዐሥራ አንድ ዓመት ግድም እንደሚዳሩ አመልክቶአል። ብሩስ በአገሩ የቆየው ጥቂት ጊዜ ስለ ሆነ ቃሉን እንደ ሕዝብ ቈጠራ አንወስደውም። ሆኖም ሁለት ነገር ያስረዳናል። አንደኛው አገሩ ድግስ ለመደገስ የሚበቃ ሀብት እንደ ነበረው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዚያ ዕድሜ የምትዳር ልጅ ስለ ራስዋ ሠርግ አሳብ ልትሰጥ እንደማትችል ነው።

፫. የመጀመሪያው ሠርግ

በጎጃም በሰፊው የታወቀው የሰማንያ ጋብቻ ነው። ይህ ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ሳይሆን በሽማግሌ፤ በዋስና በምስክር ፊት በውል የሚፈጸም ነው፤ ውል ስለ ሆነም ሊፈርስ ይችላል። አጀማመሩ በሽምግልና ነው። የወንዱ ልጅ አባት ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹ ደጅ ይጠናሉ፤ የልጅቱም አባት ዘመድ ላማክር ብሎ ቀን ይቀጥራል። በዚያ መካከል ዘር ይቈጠራል። በሁለቱ ወገኖች መካከል እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና የተገኘ እንደ ሆነ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ዝምድና ካልተገኘና ወገኖቹም ከተስማሙ ስለ ሀብት መነጋገር ይጀመራል።

የውሉ ዋና ነገር ይህ የሀብት ንግግር ነበረ። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በጎጃም በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ለአዲሱ ቤት የሚያወጡት ሀብት የተመዛዘነ እንዲሆን ይጥሩ ነበር። የአንዱ ወገን በሬ ሲቈጠር የሌላውም ወገን ይቈጠራል። ልጁ የሚያርሰው መሬት ደግሞ ከአባቱ የርስት ድርሻ ተከፍሎ የሚሰጠው ነው። እንግዲህ ሙሽራው የራሱ የሆነ በሬም መሬትም የለውም፤ ሙሽራዪቱም እንዲሁ። ሀብቱን የሚሰጡት ወላጆች ከሆኑ፤ ከማን ጋር፤ መቼና እንዴት ይጋቡ የሚለውን የሚወስኑትም ወላጆች መሆናቸው አያስገርምም።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ ተጋቢዎቹ የራሳቸው የሚሉት ነገር ፈጽሞ አልነበራቸውም ማለት ግን አይደለም። ሙሽራው ሚዜዎቹን ከእኩዮቹ መካከል ይመርጣል። አንደኛው ሚዜም ለሙሽራዪቱ እንደ ወንድም ሆኖ ሊያገለግላትና ከባልዋ ጋር ስትጣላ ሊያስታርቃት ቃል ስለሚገባ፤ ምርጫው የሥነ ሥርዐት ብቻ አይደለም። በሙሽራዪቱ በኩል ደግሞ ጓደኞችዋ ቀደም ብለው እየተሰበሰቡ ይዘፍናሉ። የሙሽራዪቱ ስም፤ የቤቷ ደግነት፤ የሚመጡት ሚዜዎች መልክና ጠባይ ሳይቀር በዘፈኑ ውስጥ በምስጋናም በነቀፋም ይገባል። ከሠርጉ ሁሉ ለዚያች ልጅ ብቻ ተብሎ የሚዘጋጀው ይህ ክፍል ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ድግሱ ደግሞ የጎረቤት ሥራ ነበረ። ዳሱን የሚሠሩት፤ እንጨቱን የሚፈልጡት፤ ጠላውን የሚጠምቁት፤ እንጀራውን የሚጋግሩት ዘመድና ጎረቤት ናቸው። ዛሬ የረዳ ሰው ነገ በራሱ ቤት ይረዳል። ስለዚህ ድግስ ማለት በአንድ ቀን የሚያልቅ ምግብና መጠጥ ብቻ ሳይሆን ለብዙ ዓመት የሚዞር ውለታ ነው። አባት «ሰው ሳልጠራ ልጄን አልድርም» ሲል ስለ ክብሩ ብቻ የሚናገር ሊመስለን ይችላል፤ ግን የበላውን ማብላት፤ የተረዳውን መርዳት እንዳለበት እየተናገረ ነው።

የሠርጉ ጊዜም ከሥራውና ከሃይማኖቱ ጋር የተያያዘ ነው። በጾም ወራት ሠርግ ስለማይደረግ፤ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ጥር፤ ከፋሲካም በኋላ ያሉት ሳምንታት የሠርግ ወራት ናቸው። በአዊ ጥር ሌላም ትርጉም አለው። በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን በእንጅባራ የሚያከብረው ጥር 23 ቀን ነው። ማኅበሩ በዓድዋ ጦርነት የዘመቱትን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን የሚያስብ ሲሆን፤ በአገሩ ልማድ ፈረስ በሠርግም በለቅሶም ከሰው የማይለይ ነው። የፈረሰኛ አጀብ በሩቅ ሲታይ ሰው ሁሉ ሠርግ መኖሩን ያውቃል። ይህን ነገር በኋላ ስለ ምስክር ስንናገር እንመለስበታለን።

ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ጋብቻ የሚወስኑት በገበሬ ቤት ብቻ አልነበረም። እንዲያውም ወደ ላይ ከፍ ባለ መጠን የተጋቢዎቹ ፈቃድ እያነሰ ይሄዳል። ልጅ ኢያሱ በ1901 ዓ.ም. የራስ መንገሻ ዮሐንስን ልጅ ወይዘሮ ሮማነ ወርቅን ሲያገቡ ሁለቱም ገና ልጆች ነበሩ። ያ ጋብቻ ፈርሶ በ1902 ዓ.ም. የጎጃሙን ገዥ የራስ ኃይሉን ልጅ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌልን አገቡ። የመጀመሪያው ጋብቻ ትግራይን፤ ሁለተኛው ጎጃምን ከዙፋኑ ጋር ለማስተሳሰር የታሰበ ነው። ገበሬው በሬ ሲያመዛዝን መኳንንቱ አገር ያመዛዝኑ ነበር።

፬. ሁለተኛው ጋብቻና ቁርባን

እስካሁን የተመለከትነው የመጀመሪያውን ሠርግ ነው። የሰማንያ ጋብቻ ግን ሊፈርስ የሚችል በመሆኑ በብዙ ሰው ሕይወት ውስጥ ሁለተኛ፤ አንዳንድ ጊዜም ሦስተኛ ጋብቻ ነበረ። ባልና ሚስት ሳይስማሙ ሲቀሩ ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ዕርቅ ካልተገኘ ሀብቱ ይከፈላል፤ ሴቲቱም ድርሻዋን ይዛ ትወጣለች። ይህች ሴት ከዚያ ወዲህ ልጅ አይደለችም። የራስዋ ከብት አላት፤ ኑሮን አይታለች፤ እንደገና ስታገባም ከማን ጋር እንደምትጋባ የምትመርጠው ራስዋ ናት። ወንዱም እንዲሁ ነው።

ይህ ሁለተኛው ጋብቻ በጥቂት ሽማግሌዎችና ምስክሮች ፊት የሚፈጸም ነው። ትልቅ ዳስ አይጣልም፤ ብዙ ሰው አይጠራም። ሆኖም በውሉ ውስጥ ተጋቢዎቹ ያሰቡት ነገር ሁሉ በዝርዝር ይገባል፤ የእርሱ ከብት ስንት እንደ ሆነ፤ የእርስዋ ስንት እንደ ሆነ፤ ቀድሞ የተወለዱት ልጆች የት እንደሚያድጉ ይነገራል። ዛሬ «እንደ ራሳችን አሳብ የተሰናዳ ጋብቻ» የምንለው ነገር እንግዲህ በአባቶቻችንና በእናቶቻችን ዘመን በዚህ መልክ ይታወቅ ነበር።

ከዚህ ከፍ ያለው የቁርባን ጋብቻ ነው። ባልና ሚስት አብረው ሥጋ ወደሙ ተቀብለው የሚጋቡት ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ የማይፈታ ስለ ሆነ፤ ከካህናት በቀር ብዙ ሰው በወጣትነቱ አይደፍረውም ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጽሙት አብረው ብዙ ዘመን የኖሩ፤ ጠባያቸውን የተዋወቁ ሰዎች ናቸው። በታሪክ የታወቀው ምሳሌ የዐፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ጋብቻ ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በቁርባን ሲጋቡ ሁለቱም ቀደም ሲል ሌላ ጋብቻ የነበራቸው አዋቂዎች ነበሩ። በዚህም ጋብቻ ውስጥ የመንግሥት ጉዳይ ነበረበት፤ ነገር ግን ከልጅ ኢያሱ ጋብቻ የሚለየው ተጋቢዎቹ ራሳቸው የሚያደርጉትን የሚያውቁ መሆናቸው ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፤ በልማዳችን የተጋቢ ፈቃድ አልታወቀም ማለት ስሕተት መሆኑን ነው። ፈቃድ የተሰጠው ለአዋቂና የራሱ ሀብት ላለው ሰው ነበረ። የተከለከለው ለልጅና ከወላጅ እጅ ለሚጠብቅ ሰው ነው።

፭. ሕጉ ምን ለወጠ

የተጋቢዎችን ፈቃድ በጽሑፍ የሚጠይቅ ሕግ በአገራችን ቀድሞም ነበረ። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ማጨትና ስለ ጋብቻ በሚናገርበት አንቀጽ የሁለቱን ወገን ፈቃድ ይሻል። ይሁን እንጂ ይህ ቃል በሊቃውንት ዘንድ የሚነበብ እንጂ በየመንደሩ ሠርግ ላይ የሚጠየቅ አልነበረም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ባረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. በታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። በዚህ ሕግ መሠረት ጋብቻ በሦስት መንገድ ሊፈጸም ይችላል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፤ በሃይማኖት ሥርዐት፤ ወይም በአገር ልማድ። ሦስቱም በሕግ ፊት እኩል ናቸው። ደመወዝ ተብሎ የሚጠራው፤ ሴቲቱ በክፍያ ለተወሰነ ጊዜ የምትኖርበት ግንኙነት ግን በሕጉ ውስጥ ስፍራ አላገኘም።

ይህን ሕግ በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ሁለት አሳቦች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያገኛል። በአንድ በኩል ተጋቢዎች በጋብቻው ጊዜ ፈቃዳቸውን ራሳቸው እንዲሰጡ ያዛል። በሌላ በኩል ደግሞ መተጫጨትን በሁለት ቤተሰቦች መካከል የሚደረግ ውል አድርጎ ይቈጥረዋል። ዕድሜንም ለወንድ 18፤ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ወሰነ። ሕጉ ለአዲሱ አሳብ በር ሲከፍት ለአሮጌው ሥርዐት ወንበር ትቶለት ነበር ለማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሕጎች ይህን መንታ አሳብ ወደ አንድ ወገን አዘነበሉት። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አደረገ፤ ስለ መተጫጨት የነበረውንም ምዕራፍ አላስገባም። እንጅባራን የሚመለከተው የዐማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ወጣ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ አካለ መጠን ያላደረሰችን ልጅ በማግባት ላይ ቅጣት አደረገ፤ ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት እንደ ሆነ እስከ 3 ዓመት፤ ከዚያ በታች እንደ ሆነች እስከ 7 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው።

እንግዲህ በሕግ በኩል ቃሉ ከወላጅ ወደ ተጋቢ ተላልፎአል። ሕግ ወጣ ማለት ግን ሠርግ ተለወጠ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፤ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት ገና 17.1 ዓመት ሳያልፋቸው መሆኑ ተገኝቶአል። ለምን እንዲህ ሆነ ብለን ስንጠይቅ ወደ ሁለተኛው ነገር፤ ማለት ወደ ሀብት እንመጣለን።

፮. ሀብቱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ሄደ

ከላይ እንደ ተመለከትነው የወላጅ ሥልጣን በመሬትና በከብት ላይ የቆመ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ መሬትን የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ ርስትን ከሥሩ ነካው። ዐዋጁ ለማረስ ለሚፈልግ ሰው ሁሉ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ እስከ 10 ሄክታር መሬት እንዲሰጠው ይላል። መሬትን የሚያከፋፍለው የገበሬ ማኅበር ሆነ። ወጣቱ ባለትዳር መሬት ለማግኘት ወደ አባቱ ብቻ ሳይሆን ወደ ማኅበሩም መመልከት ጀመረ።

ሌላው ለውጥ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በዐማራ ክልል ለገበሬው የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ነው። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት ተጽፎአል፤ ፎቶግራፋቸውም አብሮ ተለጥፎአል። ይህን ነገር ከቀድሞው የሰማንያ ውል ጋር ማስተያየት ይገባል። ቀድሞ ሴቲቱ ምን ይዛ እንደ መጣች የሚያስታውሰው የሽማግሌና የዋስ አእምሮ ነበረ። ሽማግሌው ሲሞት ወይም ሲያዳላ መብትዋ ይጐድላል። አሁን ግን የመሬቱ ነገር በጽሑፍ ይገኛል።

ሦስተኛው ምክንያት የወጣቱ የራሱ ገቢ ነው። ትምህርት የጨረሰ ሰው ደመወዝ ያገኛል። በገጠርም ቢሆን በእንጅባራ አጠገብ ባለው በፋግታ ለኮማ ወረዳ ዲከረንስ የተባለው የግራር ዐይነት በብዛት እየተተከለ፤ በአራትና በአምስት ዓመት ለከሰል ደርሶ ገንዘብ ያስገኛል። በሬ አሳድጎ ለመስጠት የአባት ዕድሜ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ላለው ተክል ግን የጥቂት ዓመት ትዕግሥት ይበቃል። በእኛ አስተያየት ወጣቱ ሠርጉን ራሱ ላሰናዳ ለማለት የደፈረው የውጭ አገር ልማድ ስላየ ብቻ ሳይሆን፤ ከአባቱ እጅ ያልተቀበለው ገንዘብ በእጁ ስለ ገባ ነው። ቬሎውና የመኪናው አጀብ የለውጡ ምልክት ናቸው እንጂ ምክንያቱ አይደሉም። «ቬሎ» የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ቢሆንም፤ ለቬሎው የሚከፈለው ገንዘብ ግን ከዚሁ ከአገራችን መሬት የወጣ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባል። ከአባት ነጻ የሆነ ሠርግ ከዕዳ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ቀድሞ ድግሱ በጎረቤት ጉልበትና በመጪ ውለታ ይሸፈን ነበር። ያ ሁሉ በገንዘብ ሲተካ፤ አዳራሽ ሲከራይ፤ ምግብ ሲገዛ፤ ወጪው በሙሉ በሁለቱ ሰዎች ላይ ይወድቃል። በብድር ተደግሶ በብድር የሚጀመር ቤት አለ። እንዲህ ያለው ሠርግ ባለቤቱ ተጋቢው ነው ይባል እንጂ፤ በእውነቱ አበዳሪው ነው።

፯. የተሰወረ ሠርግ

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ምስክር ነበረ። ብዙ ወጣቶች የሠርግን ትልቅነት ሲነቅፉ፤ ለሁለት ሰው ጉዳይ የመንደሩ ሰው ሁሉ ለምን ይሰበሰባል? ይላሉ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የሌላውን ዓለም ታሪክ ጥቂት መመልከት ይጠቅማል።

በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ የሮማ ቤተ ክርስቲያን የሁለቱ ሰዎች ፈቃድ ብቻ ጋብቻን ያጸናል የሚል ትምህርት ነበራት። ከዚህም የተነሣ ያለ ምስክር በስውር የሚደረግ ጋብቻ በዛ። ወንዱ በኋላ አላገባሁም ብሎ ሲክድ ሴቲቱ የምታስረዳበት አጣች። ስለዚህ የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 ጋብቻ በቄስና በምስክሮች ፊት እንዲፈጸም ወሰነ። በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ1753 ተመሳሳይ ሕግ ወጣ። ከዚህ የምንማረው ፈቃድ ብቻውን ሴትን እንደማይጠብቅ ነው። ፈቃድ ምስክር ያስፈልገዋል።

የእኛ አገር ሽማግሌዎች ይህን ያወቁት ያለ ጉባኤ ነው። ፈረሰኛው ሲያጅብ፤ ዳሱ ሲጣል፤ ጎረቤት ሲበላ፤ ሁሉም ምስክር ይሆናል። ጋብቻው ሳይመዘገብ ቢቀር እንኳ፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩና ሰውም እንደዚያው ሲያውቃቸው ኖሮአል ብሎ በፍርድ ቤት የሚመሰክረው ያ ጎረቤት ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ የተሰወረ ሠርግ ለክፉ ሥራ መሸፈኛ ሲሆን ታይቶአል። ልጅን መዳር በሕግ ከተከለከለ ወዲህ፤ በዐማራ ክልል በአንዳንድ ስፍራ ልጃቸውን የሚድሩ ወላጆች ድግሱን ማኅበር ነው ወይም ተዝካር ነው ብለው፤ አንዳንድ ጊዜም ታላቅዋን ድረው ታናሽዋን ከዚያው ጋር አስተባብረው፤ ከሹም ዐይን ለመሰወር ይሞክራሉ። እንዲህ ባለው ቀን ዘፈን አይሰማም፤ የሙሽራዪቱም ስም አይነሣም። እንግዲህ ድግሱን መቀነስ በራሱ ነጻነት አይደለም። አንዱ ሠርግ ትንሽ የሆነው ተጋቢዎቹ ስለ ፈለጉ ነው፤ ሌላው ትንሽ የሆነው ልጅቱ ስላልፈለገች ነው። በውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አይለዩም። የሚለያቸው ነገር ቢኖር የልጅቱ ቃል በሰው ፊት መሰማቱ ነው።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ ጋብቻ ሁሉ፤ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ ወይም በአገር ልማድ የተፈጸመው ሳይቀር፤ እንዲመዘገብ ያዛል። ይህ መዝገብ የጎረቤትን ምስክርነት የሚተካ ሳይሆን የሚያጸና ነው። ስምና ዕድሜ በሹም ፊት ሲጻፍ ልጅን መሰወር ይከብዳል፤ የተጋቢም ፈቃድ በፊርማው ይታወቃል።

፰. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነውን በአጭሩ እናጠቃልል። በእንጅባራና በአካባቢዋ የመጀመሪያው ሠርግ ብዙ ምስክርና ጥቂት ፈቃድ ነበረው፤ ሁለተኛው ጋብቻና ቁርባን ግን ሙሉ ፈቃድና ትንሽ ድግስ ነበራቸው። ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ ቃሉን ለተጋቢዎች መስጠት ጀመረ። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ሀብቱም ቀስ በቀስ ከወላጅ እጅ ወጣ። ምስክሩ ብቻ እስከ ዛሬ በቤተ ዘመድና በጎረቤት እጅ ቀርቶአል። እኛም በዚያው መቅረቱን አንቃወምም።

ስለዚህ ሠርጋቸውን ራሳቸው ለሚያሰናዱ ጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። አንደኛ፤ ከልብሱና ከአዳራሹ በፊት ስለ ውሉ ይነጋገሩ። አያቶቻችን በሁለተኛው ጋብቻ ላይ እንዳደረጉት፤ ማን ምን እንዳለው፤ ማን ምን ዕዳ እንዳለበት፤ ሴቲቱ ትምህርትዋን ወይም ሥራዋን እንዴት እንደምትቀጥል አስቀድመው ይወስኑ። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለው በቅመም ላይ ብቻ አይደለምና። ሁለተኛ፤ ሽማግሌ መላክን አይተዉ፤ ነገር ግን ሽማግሌው የሚሄደው ሁለቱ ከተስማሙ በኋላ ይሁን። ሦስተኛ፤ ድግሱን ለመቀነስ ሲያስቡ ጎረቤትን ከማስቀረት ይልቅ የሚገዛውን ነገር ይቀንሱ። በጎረቤት እጅ የተጠመቀ ጠላ ከገበያ ከተገዛው ይረክሳል፤ የጠመቀውም ሰው ምስክር ይሆናል። አራተኛ፤ ጋብቻውን ያስመዝግቡ።

ወላጆችም ቢሆኑ አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንለምናለን። ልጆቻቸው የሚጠይቁት መብት ከአገር ልማድ ውጭ የመጣ አይደለም። እናቶቻቸውና አያቶቻቸው ካደጉና የራሳቸውን ከብት ከያዙ በኋላ ያገኙት መብት ነው። አሁን የተጠየቀው ያ መብት አንድ ጋብቻ እስኪፈርስ ድረስ ሳይቈይ በመጀመሪያው ሠርግ ላይ እንዲሰጥ ነው።